ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ነጠላ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በጣና ዳር በአንድ ሎጅ ነው። አሥራ ሁለት እንግዶች ስልካቸውን በር ላይ አስረክበው፣ ለሁለት ሳምንት በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን እንደነበረ ሰው ይለብሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይነጋገራሉ። በአራተኛው ቀን አንድ የብራና መጽሐፍ ይጠፋል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ የምትጠረጥረው ደግሞ የብራና ጽሕፈት የሚያስተምረውን ወጣት ነው። መጨረሻ ላይ ይዋደዳሉ፤ ይጋቡ ወይስ አይጋቡ ግን ገና አልወሰንኩም። ቀለል ያለና ፈገግ የሚያሰኝ ታሪክ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ምርመራው ሲሮጥ ፍቅሩ ይቆምብኛል፣ ፍቅሩ ሲሞቅ ደግሞ ሌባው ይረሳል። ከአዲስ አበባ መርማሪ ፖሊስ ላስመጣ? የዘመን ስሕተት እንዳልሠራስ ምን ልጠንቀቅ?

ምላሽ፦ መርማሪ ፖሊሱን አያምጡት። እርሱ ከጀልባው በወረደበት ደቂቃ ዘመኑ ከታሪኩ ይወጣል፤ እንግዶችዎም የቲያትር ልብስ የለበሱ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። እንደ ጥንቱ ሰው ለመኖር ቃል ገብተው የለ? እንግዲያው ሌባቸውንም እንደ ጥንቱ ሰው ይፈልጉት። እኔ የጎንደርን ዘመን ታሪክ ሳስተምር፣ በትርፍ ሰዓቴም የልብ ወለድ ረቂቆችን ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ረቂቆች የሚወድቁት ታሪኩን ለጌጥ ብቻ ስለሚጠቀሙበት ነው። ቀሚሱ፣ ሞሰቡ፣ ጠጁ ሁሉ በቦታው አለ፤ ቋጠሮው ሲፈታ ግን አንዳቸውም ሥራ አይሠሩም። የእርስዎ ሴራ ዕድለኛ ነው። ፍቅሩንና ምርመራውን አንድ ላይ የሚያስር ልማድ በራሳችን የፍርድ ታሪክ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

ልማዱ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽ ተከሳሹን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። ከዚያ የሁለቱ የነጠላ ጫፍ እርስ በርሱ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ነገሩ ከባድ ሲሆን በነጠላው ፈንታ ሰንሰለት ይገባል። ስለ ልማዱ በስፋት የተጻፈው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ» ስንል አፋችን ላይ አለ። የባንክ ሠራተኛዋን በዚህ ዓይን ይመልከቷት። ገና ያልወደደችው፣ ይልቁንም ሌባ ነው ብላ የምታምነው ሰው በነጠላዋ ጫፍ ላይ ታስሯል። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ይከተላታል። እርሱ ብርዕ ሊቀርጽ ሲቀመጥ እርሷም መቀመጥ አለባት። ፍንጭ ፍለጋ የምትሄድበት ሁሉ ተጠርጣሪዋ አብሯት ስለሚሄድ፣ ምርመራው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ፍቅሩም ይራመዳል። ያስጨነቀዎት መቆራረጥ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሳቁም ከዚሁ ይመጣል። በዱሮው ልማድ ሁለት ተሟጋቾች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አስቁመው «ዳኛ ሁነን» ማለት ይችሉ ነበር። ስለዚህ በምዕራፍ ሦስት «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጩኸት ሲሰማ በአጠገባቸው የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ በጥንቃቄ ይምረጡ። እኔ ብሆን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቅርጫት ተሸክማ ወደ ማዕድ ቤት የምትገባውን ወጥ ቤት አስቆማታለሁ። ቆሮሶው ሳይበላሽ ፍርዱ ማለቅ አለበት! ደግሞም ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳኛዋ እርሷ ናት፤ የሎጁ ባለቤት ሳይቀር ፊቷ ቆሞ ይሟገታል።

አንድ ነገር እንዳያመልጥዎ፤ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው። ተከሳሽ ዋስ ከጠራ ከቁራኛው ይፈታል። እንግዲህ አንባቢ ከምዕራፍ አራት ጀምሮ «ይህ ልጅ ለምን ዋስ አይጠራም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርስዎ ለጊዜው በቂ የሚመስል ምክንያት ይስጡት፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም ይበሉ። ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ ላይ ግን አትክልተኛው ሽማግሌ የባንክ ሠራተኛዋን ፈልገው ይምጡና «እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋስ ልሆነው ዝግጁ ነበርኩ፤ አልጠየቀኝም እንጂ» ይበሏት። የፍቅር ቃል መናገር ሳያስፈልገው ልጁ ተናገረ ማለት ነው። እርሷም ሰባት ቀን ሙሉ ነጠላው ላይ የነበረውን ቋጠሮ ያን ጊዜ አዲስ አድርጋ ታየዋለች።

ተጠርጣሪዎች ሁሉ አንድ ላይ የሚሰበሰቡበትን ምዕራፍ ደግሞ አውጫጭኝ ያድርጉት። አፈርሳታም ይባላል። አገሬው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። እንግዶችዎ ግማሽ ቀን ከዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውን ተከትለው ቦታ ሲቀይሩ ይታየኛል። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ብቻ በማየት ጎበዝ አንባቢ ሁለት ምስጢር ያወጣል። ሙግቱ ሲጀመር በላ ልበልሃ ይግባ፤ ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፣ ግጥም እየደረደረ፣ ነገሩን በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። ባንክ ውስጥ ስትሠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ እዚያ ቆማ በግጥም ስትከስ ማየት በራሱ ምዕራፍ ይሞላል። ሌባ ሻይን ግን ይተዉት። አደንዛዥ መጠጥ የጠጣ ልጅ ሌባውን ያገኛል ተብሎ በየቤቱ የሚነዳበት ያ ልማድ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ስለነበረ፣ ቀለል ባለ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለምስክርነት መሳሳት የሚሆን ሹመትም አለልዎት፤ ሊቀ መኳስ። ጦር ሜዳ ላይ ጠላት ንጉሡን እንዳይለይ ንጉሡን መስሎ የሚለብሰው ባለሥልጣን ነው። ሎጁ ለእንግዶቹ የቤተ መንግሥት ሹመት ሲያድል አንዱን ንጉሥ፣ አንዱን አጋፋሪ፣ አንዱን ጸሐፌ ትእዛዝ፣ አንዱንም ሊቀ መኳስ ያድርግ። የምሽት ዘበኛው «ንጉሡን በዕቃ ቤቱ በኩል ሲያልፉ አይቻለሁ» ብሎ ሲምል እውነቱን ነው፤ ያየው ግን ንጉሡን አይደለም። የሹመቱ ትርጉም በመጀመሪያው ቀን ግብር ላይ በጨዋታ መልክ ተነግሮ ካለፈ፣ አንባቢ ተታለልኩ አይልም።

አሁን ወደ ጠፋው ብራና። የማንኛውም እውነተኛ ገዳም ቅርስ አያድርጉት። ከገዳማት ዕቃ ቤት የሚጠፋ መጽሐፍ የሰው እንባ ያለበት ነገር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ሰርቆ ወይም ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ያን ይዘው ፈገግ ማሰኘት ያስቸግራል። የሎጁ የራሱ መጽሐፍ ይሁን፤ የሎጁ ባለቤት ከአያታቸው የወረሱት ትንሽ ዳዊት ቢሆን ይበቃል። ዋጋው የሚያስጨንቅ ያህል ይሁን፣ የሚያስለቅስ ያህል ግን አይሁን።

ስለ ብራና ሥራ ትንሽ ልቆይ፤ ልጁ መምህር ስለሆነ እጁ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብዎት። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ በጠፍር ይወጠራል፣ ጸጉሩና ስቡ ይፋቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ወጣሪው በመዳፉ ሲመታው እንደ ከበሮ ድምፅ ካልሰጠ ገና ነው። ከዚያ ዳር ዳሩ በወስፌ ይበሳና ቀዳዳውን ተከትሎ መስመሩ ያለ ቀለም ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይገኛል፤ በቀይ ቀለም የአምላክና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መግቢያም ይጻፋል። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። የተጠናቀቀው መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይደጎስና በማኅደሩ ይንጠለጠላል።

ከዚህ ሁሉ ለእርስዎ የሚጠቅመው መፋቁ ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ የአጻፊው ወይም የባለቤቱ ስም በጸሎት መካከል ይገባል፤ «ለገብርከ እገሌ» ተብሎ። መጽሐፉ በውርስም በሽያጭም እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የዱሮውን ስም ያስፍቅና የራሱን ያስገባል። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገጽ ይዤ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነበር። ፊት ለፊት ሳየው ምንም የለበትም። ገጹን አዘንብዬ ብርሃኑ በጎን እንዲወድቅበት ሳደርግ ግን ስሙ ያለበት ቦታ እንደ ተቧጨረ ጉልበት ሻከር ብሎ ታየኝ፤ የአዲሱ ስም ቀለምም በቃጫዎቹ መካከል ትንሽ ፈሶ ጸጉር አውጥቷል። በጣቴ ዳበስኩት። ሰው ያጠፋው ነገር ከጻፈው ይልቅ ለጣት ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጣቶቻቸው በሚገናኙበት ምዕራፍ ውስጥ ያስገቡት፤ ልጁ እንዴት እንደሚዳበስ ያሳያታል፣ እርሷ የተፋቀውን ስም ታገኘዋለች። ስሙ የማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ለባንክ ሠራተኛዋ ደግሞ የራሷ የሆነ ፍንጭ ያስፈልጋታል፤ ቁጥር። ሌባው መጽሐፉ የቤተሰቡ እንደሆነ ለማስመሰል በመጨረሻው ገጽ ላይ የስጦታ ማስታወሻ አስመስሎ ይጻፍ፦ በ7242 ዓመተ ዓለም፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን። ዓመተ ምሕረቱ 1742 መሆኑ ነው፤ ምንትዋብም በዚያ ጊዜ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በሥልጣን ላይ ነበሩ። ወንጌላዊውንም አላሳሳተም። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፤ 7242 ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ነገር ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው። በዘመነ ማርቆስ ስድስተኛ ጳጉሜን ኖራ አታውቅም። በጥርጣሬ ሰነድ ስታገላብጥ የኖረች የባንክ ሠራተኛ ይህን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ የለባትም።

ፍንጩ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስል ታሪኩን በ2015 ወይም በ2019 ዓ.ም. ያድርጉት፤ ሁለቱም ዘመነ ሉቃስ ናቸው። እንግዶቹ ነሐሴ 27 ቢገቡ መጽሐፉ ነሐሴ 30 ይጠፋል፤ በአሥረኛው ቀን ጳጉሜን 6 ትውላለች፤ በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው። «ዘንድሮ አንድ ቀን ተጨመረልን» የሚል ጨዋታ ቁርስ ላይ ይነሣ፣ አንድ ሰው ምክንያቱን ያስረዳ፣ ሁሉም ይርሱት። አንባቢም ይረሳዋል።

ወቅቱ ሌላም ይሰጥዎታል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እንግዲህ ሰምና ወርቅ የሌለበት የፍቅር መልእክት በጣና ዳር ቢጻፍ አንባቢዎ ይቀየምዎታል። ለሙከራ ሁለት ስንኝ ልስጥዎት፤ ከወደዷቸው ይጠቀሙባቸው። በእንግዳዋ እጅ ተጽፈው መምህሩ አትሮንስ ሥር ተጣጥፈው ይገኙ፦

ቀለሜ አለቀ፣ ብርዔ ደረቀና፣
አሁን የቀረኝም አንድ ቃል ነው ብራና።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ቀለምና ብርዕ አልቆ ባዶ ብራና ቀረ። የሎጁ ሰው ሁሉ ወረቀቱን እንደ ሌባ መልእክት ቆጥሮ ብራና ፍለጋ ዕቃ ቤቱን ያተራምሰዋል። ወርቁ ግን «ብራ፣ ና» ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ና ማለቷ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ፣ በዓይን የሚያነብ ይስታል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መካከሉ ላይ ትንፋሹን ሰብስቦ የሚያነብ ያገኘዋል። ወጥ ቤቷ ዳኛ ጽሑፉ ሲነበብላት ሰምታ የምትስቀው ለዚህ ነው። እርሷ ፊደል አትቆጥርም፤ ስለዚህ የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው።

በዘመን ስሕተት በኩል ጥቂት ነገሮችን ፈጠን ብዬ ልናገር። ባሕር ዛፍ አይትከሉ፤ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ድንችም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግዳ ነው። ሰዎቹ በግእዝ ይጻጻፉ እንጂ በግእዝ አያውሩ፤ የቤተ መንግሥቱ ንግግር አማርኛ ነበረ፤ ልሳነ ንጉሥ የተባለውም ስለዚህ ነው። ሎጁ ዘጌ ላይ ከሆነ በበሬ ሲያርሱ አያሳዩ፤ በዘጌ ወግ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ነው።

ቡና ላይ ግን ልዘግይ፤ ጠብ የሚያስነሣ ጥሩ ጉዳይ ነው። በምንትዋብ ዘመን በደጋው ክርስቲያን ቤት ጀበና ጥዶ እንግዳ መቀበል የተለመደ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ቡናን ለረጅም ዘመን ስትነቅፈው ቆይታ፣ በሰፊው የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በሌላ በኩል የዘጌ ሰዎች ቡናቸው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀለ ይተርካሉ፤ ከጌሾና ከሎሚ ጋር። የሎጁ ባለቤት ለታሪክ ታምነው ቡና ይከልክሉ፤ የዘጌ ተወላጇ ወጥ ቤት በአያቶቿ ወግ ትሟገታቸው። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ከዚያ ሌሊት በሦስት ሰዓት የተቆላ ቡና ሽታ ከወደ ጫካው ይምጣ። አንባቢ ሌባው እዚያ ነው ይላል። እዚያ የሚገኙት ግን በምስጢር የተሰበሰቡ አራት ቡና የናፈቃቸው እንግዶች ናቸው፤ ንጉሡም በመካከላቸው። ከዚህ የተሻለ አሳሳች ዱካ አላውቅም፤ ዕጣኑንም አይርሱላቸው።

ሐይቁም ይመስክር። ጠዋት ጣና ተኝቶ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ስለዚህ ማን በየትኛው ሰዓት በታንኳ ሊሻገር እንደሚችል ሐይቁ ራሱ ይወስናል። የደንገል ታንኳ ውኃ ይመጥጣል፤ ከአገልግሎት በኋላ ዳርቻ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል። አንድ ማለዳ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የደረቀውን በአንድ ጫፉ ሳነሣው ቀለል ብሎ ተነሣልኝ። አጠገቡ ያለውን፣ ገና ከውኃ የወጣውን ስሞክር ጉልበቴ ታጠፈ፤ በደንገሉ መካከል የነበረው ውኃም ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። «ታንኳው ሳምንቱን ከቦታው አልተነቃነቀም» የሚለውን ምስክር ለማጋለጥ ልጅቷ ዝቅ ብላ ጫፉን ታንሣ፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም። ከሥሩ ትኩስ እምቦጭ ተጠላልፎ ከተገኘ ደግሞ አረሙ ወደሚበዛበት ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሄዶ እንደነበር ትጠረጥራለች።

ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲገለሉ ኖረዋል። አንባቢን ለማሳሳት ብለው ከእነርሱ አንዱን ተጠርጣሪ እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ። ታንኳ ሠሪ ካስገቡ ሙያውን የሚያውቅ፣ የራሱ ቀልድና የራሱ ጉዳይ ያለው ሰው ይሁን። የታንኳውን ክብደት ትርጉም የሚያስረዳትም እርሱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ደሴቶቹ ደግሞ ሴራዎን ለሁለት ይከፍሉልዎታል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ፍንጩን የሚያውቁት አባት ክብራን ላይ ቢሆኑ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ከጀልባው ማረፊያ ማለፍ አትችልም፤ ልጁ ይችላል። ነጠላው ግን የታሰረ ነው። እዚያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትፍታው። ተጠርጣሪዋን በቃሉ ብቻ ታምናው ትልቀቀው፤ እርሱም ነጠላውን መያዣ አድርጎ እጇ ላይ ጥሎ ይውጣ። ከዚያ ምንም አያድርጉ። ሁለት ገጽ ሙሉ ውኃውን እያየች ትቀመጥ፤ ነፋሱ ሊነሣ ሲል ባለጀልባው ይቆጣ። ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ በደቅ ደሴት ላይ ለሴትም ክፍት ናት፤ አብረው ገብተው እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የተሣሉበትን ሥዕል የሚያዩበትን ምዕራፍ ከዚህ በኋላ ያድርጉት።

ስለ ንግግራቸው አንድ ነገር ብቻ። የሎጁ ደንብ እንግዶች ሁሉ አንቱ እንዲባባሉ ያስገድድ። እርሷም «ሰረቁ!» ብላ በአንቱታ ትክሰሰው፤ ይህ ብቻውን ያስቃል። ከዚያ በሙቀት ሳለች፣ ታንኳው ሲያጋድል ወይም ዝናብ ሲመታቸው፣ «ተጠንቀቅ!» የሚል ቃል ያምልጣት። አማርኛ አንባቢ ከመሳም ይልቅ በዚያ ቃል ይደነግጣል። እርሱም ሰምቶ ዝም ይበል፤ በማግሥቱ «አንቺ» ብሎ ይመልስላት።

ይጋቡ ወይስ አይጋቡ ለሚለው ሐሳብዎ፣ ሰርግ አያስፈልግም። ዳኛዋ ፍርዱን ሰጥታ «ፍቱ» ትበላቸው። እንቁጣጣሽ አልፏል፣ አደይ አበባው ወጥቷል፣ እንግዶቹ ስልካቸውን እየተረከቡ ነው። ሁለቱ ቋጠሮውን ለመፍታት ይሞክሩ፤ ሌሊቱን ዝናብ መትቶታልና የረጠበ ጥጥ በቀላሉ አይፈታም። አንዱ ጥርሱን ሊያስገባ ሲል ሌላው ነጠላው ይቀደዳል ብሎ ይከልክል። ወጥ ቤቷ ቢላዋ ይዛ ትምጣ፤ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አይሆንም» ይበሏት፤ ጀልባው ላይም እንደተቋጠሩ ይሳፈሩ።